ጳጉሜ ሦስት የሞላው ታንከር

የልጄ አማት ቤታችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት፣ ሰላምታ ተለዋውጠን ገና ሳይቀመጡ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄዱና ቧንቧውን ከፈቱት። ቧንቧው እንደ አስም በሽተኛ ሳል ሳል አደረገው፤ ትንሽ ነፋስ አወጣና ዝም አለ። ቧንቧውን መልሰው ዘጉና የደረቀ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የደረቀ እጅ ሲጠረግ ሳይ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በእኛ ልማድ የመጀመሪያዋን የወለደች ሴት የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። እኔም ማርገዟን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ትልቁን መኝታ ቤት ለቅቄላት፣ መጋረጃ አሰፍቼ፣ ቅቤ አንጥሬ፣ ለገንፎ የሚሆን ገብስ አስፈጭቼ ተቀምጫለሁ። የቀረኝ መጨነቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ከሁሉም ቀደም ብዬ ጀምሬዋለሁ።

አማቷ የሚኖሩት ወሎ ሰፈር፣ አሳንሰር ያለው አፓርታማ ውስጥ ነው። ሕንፃው የራሱ የጉድጓድ ውሃ አለው፤ በአንዱ ቧንቧ ሙቅ፣ በሌላው ቀዝቃዛ ይወርዳል። እኛ ያለነው ጎሮ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጎሮ ውስጥ የማይገነባ ሰው አልነበረም። ጠዋት ሜዳ የነበረው ማታ አጥር ሆኖ ይገኛል። ስካቫተር መጥቶ መንገድ ሲቆፍር የውሃ መስመር ይበጥሳል፤ የተበጠሰውን ሊቀጥሉ የመጡት ደግሞ የስልክ መስመር ይበጥሳሉ። ውሃ በፈረቃ ነው ይባላል፤ ፈረቃው የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ሲመጣም መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ ነው።

እንግዳዬ ለስላሳ ቀርቦላቸው አንድ ጊዜ ከተጎነጩ በኋላ ተናገሩ።

«እኔ ክፉ አስቤ አይደለም። ቤቱ ያምራል፣ እርስዎም ሙያተኛ ነዎት። ግን ውሃ የሌለበት ቤት አራስ እንዴት ትገባለች? እኔ ጋ ትሁንና እርስዎ እየመጡ ይጠይቋታል።»

እየመጡ ይጠይቋታል። የገዛ ልጄን፣ እኔ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዤ፣ አሳንሰር ውስጥ ቆሜ፣ እንደ ማንኛውም ጠያቂ። አፌ ደረቀ። የደረቀውን አፌን ላርጥብ ብልም ቤት ውስጥ የቀረው ውሃ ለምሳ የተቀመጠው ብቻ ነበር።

የመለሰላቸው ባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ ሥራ ሲያጣ ደህና የሚሠራውን ዕቃ ፈትቶ ይገጥማል። «ውሃ ይኖራል» አላቸው፣ የመኪና ፍሬን ይሠራል ብሎ እንደሚያረጋግጥ ሰው። «የእንቁጣጣሽ ማግስት ይምጡና ይዩ።» እሳቸውም ሳይከራከሩ ተስማሙ። ልጄ የምትወልደው በመስከረም ነው። ከበዓሉ ማግስት መጥተው ቧንቧውን ይከፍቱታል፤ ውሃ ካለ ልጄ እኔ ጋ ትታረሳለች፣ ከሌለ ወሎ ሰፈር ትገባለች። ይኸው ተቆረጠ።

ሸኝተናቸው ስንመለስ ውሃው ከየት ሊመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። እግዚአብሔር ያውቃል ማለቱ መስሎኝ ተናደድኩ። እሱ ግን የሚያሳየኝ ጣሪያውን ነበር።

የቆርቆሮው ጫፍ ላይ ዙሪያውን አሸንዳ ገጠመ። አሸንዳው የሰበሰበውን ዝናብ ወደ አንድ ቧንቧ፣ ቧንቧውን ደግሞ ከብረት በሠራው ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ወዳስቀመጠው ጥቁር ታንከር አመጣው። ከታንከሩ ወደ ቤት መስመር ዘረጋ። ከታንከሩ አፍ አጠገብ ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉትን እንደ ክርን የታጠፈ ቧንቧ አደረገና አሠራሩን አስረዳኝ። ዝናብ ሲጀምር ጣሪያው ላይ የሰነበተው አቧራና የእርግብ ኩስ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎሚቶው ወደ ውጭ ይዞራል፣ ቆሻሻው ወደ ቦይ ይሄዳል። ጣሪያው ሲታጠብ ጎሚቶው ወደ ታንከሩ ይዞራል። ያለው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ይህን ሥራ ለማንም አላምንም፣ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከተማርኩት ብዙውን ረስቼዋለሁ። የማልረሳው መጽሐፋችን ላይ የነበረውን የአንድ ጠብታ ውሃ ሥዕል ነው። ጠብታው ውስጥ ብዙ እግር ያላቸው ነገሮች ይዋኛሉ። መምህራችን በዓይን አይታዩም አሉን። ለሌሎቹ ልጆች ይህ ያጽናናቸው መሰለኝ። እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይታየው ነው የሚያስፈራኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት ውሃ አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ እንደገና አፍልቼ ነው። ታንከሩም ገና ሳይሞላ ክዳኑን በቁልፍ አስቆልፌዋለሁ። ባለቤቴ ማን ወጥቶ ይከፍተዋል ቢለኝ ትንኝ አልኩት። ትንኝ ቁልፍ አይከፍትም አለኝ። አላወቅህም አልኩት።

ሐምሌ መጣ፣ ዝናቡም መጣ። ጃንጥላ በአንድ እጄ፣ ብርጭቆ በሌላው ይዤ ወጣሁ። ከጎሚቶው ላይ ብርጭቆውን ሞልቼ ወደ ብርሃን አነሳሁት፤ ቢጫ ነው። ጥቂት ቆየሁና ደገምኩ፤ ነጣ ብሏል፣ ግን አንድ የማላውቀው ነገር ይንሳፈፋል። ደግሜ ሞላሁ፤ የሚንሳፈፍ የለም፣ ግን ሳሸተው የሲሚንቶ ሽታ አለው፤ ከጎን ፎቅ እየተሠራ ነበርና። ቆየሁ። አሸተትኩ። በምላሴ ጫፍ ቀምሼ ተፋሁ። አሁንስ ንጹሕ ነው ብዬ ጎሚቶውን ወደ ታንከሩ ሳዞር ዝናቡ አባራ።

ሐምሌ በዚህ አለቀ። በየመንገዱ ጎርፍ ሲወርድ፣ ከኮብልስቶኑ ሥር ምንጭ ሲፈላ፣ የእኛ ታንከር ባዶውን ቆሞ ያያል። ባለቤቴ አንድ ቀን እርጥብ ጫማዬን በር ላይ ሳወልቅ እንዲህ አለኝ። «ዝናቡን ፈተና ላይ እያስቀመጥሽው ነው። እስካሁን ያለፈ የለም።»

በዚያው ሰሞን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። የገላና የእጅ መታጠቢያው ውሃ ዝም ብሎ ወደ ቦይ ከሚሄድ፣ በጠጠርና በአሸዋ አሳልፎ ጓሮ ያለውን ጎመን ሊያጠጣበት ፈለገ። አንድ ውሃ ሁለት ጊዜ ይሠራል አለ፤ ደጋግሞ ለመነኝ። የሰው እድፍ የጠጣ ጎመን አራስ ልጄን አላበላም ብዬ እምቢ አልኩ። ልጄም ስልክ ስትደውል ጉዳዩን ነገርኳት። ባንክ ነው የምትሠራው። «እማዬ፣ አንቺ ስትረስ እያደረግሽ እኮ ነው እኔንም ስትረስ የምታስደርጊኝ» አለችኝ። ነፍሰ ጡር ሆድ ይዛ የእኔን ሐሳብ እንዳትሸከም ብዬ ከዚያ በኋላ ጭንቀቴን ለራሴ ያዝኩት፤ ለባለቤቴም ትንሽ አካፈልኩት።

ነሐሴም አለቀ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ እጅ ቢገባበት ከአንጓ አያልፍም። ጳጉሜ ሲገባ ዝናቡ እየሳሳ፣ ሰማዩ እየጠራ መጣ። ሌላ ሰው ክረምቱ አለፈልን ይላል፤ እኔ ደመና ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል፣ ሲበተን ደግሞ ይወድቃል። ወሎ ሰፈር አሳንሰሩ ውስጥ ራሴን አየዋለሁ፣ ከነብርቱካኑ።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። ሩፋኤልን ፈታሔ ማኅፀን ይሉታል፤ ምጥ የያዛት ሴት የምትጠራው እሱን ነው። ልጄን በሰላም እንዲገላግላት ልለምን በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጸሎቱ አልቆ ስወጣ ሰማዩ እንዳለ ወረደ። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው። ልጆች ልብሳቸውን ጥለው መንገድ ላይ እየዘለሉ እንዲያሳድጋቸው ሩፋኤልን ይለምናሉ፤ ሴቶች በየደጁ ሳፋና ጆግ ያወጣሉ። እኔም በደስታ ጃንጥላዬን አጥፌ ተጠመቅሁበት። ታክሲ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ርሰን ነበር፤ ረዳቱ እንኳን ወንበር አበሰበሳችሁ ብሎ አልተቆጣም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ እንደ ሕፃን ረጥቦ ታንከሩ ሥር ቆሟል። ከታንከሩ ጎን ትርፉን የሚያወጣው ቧንቧ ውሃ ይተፋል።

«ሁሉንም አሳለፍኩት» አለኝ። «ያለ ፈተና። ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ።»

ታንከሩን በመጥረጊያ እንጨት አንኳኳሁት፤ ከታች እስከ ላይ ድፍን ነው። ያለቀስኩ ይመስለኛል፤ ፊቴ እርጥብ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ልጄ እኔ ጋ ልትታረስ ነው። ያ ደስታዬ የቆየው አኮ መንገዱን ተሻግረው እስኪገቡ ድረስ ብቻ ነበር።

አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው በዚሁ ነው። ቤታችን የቆመበት መሬት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አሁንም ግቢያችን ሲገቡ የማሳው ጫፍ የት እንደነበር በዱላቸው ያሳዩኛል። ጆግ ይዘው መጥተው ታንከሩን ቀና ብለው አዩት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ዛሬ ነው የሞላው?»

«ዛሬ ነው አኮ።»

«በዛሬው ዝናብ ብቻ?»

«ድሮም ምን ነበረበት ብለው ነው።»

አኮ ጫማቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን አደግድገው ተጠጉና የታንከሩን ቆጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚሳም፣ ሳሙት። ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ቆዩ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያላየሁት ነገር ገና ያን ጊዜ ታየኝ። ታንከር ሙሉ ጠበል አለኝ፤ ግን ሽንት ጨርቅ የማጥብበት ውሃ የለኝም።

ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠርቼ ምን እንዳደረገ ነገርኩት። በዚህ ውሃ ወለል ይወለወላል? ሽንት ቤት ይደፋል? የአራስ ልብስ ይታጠባል? እሱ እየሳቀ ስሚኝ አለኝ። «የከተማው ውሃ የሚመጣበት ግድብ ላይም እኮ ዛሬ ዘንቧል። እንዳንቺ ከሆነ ከተማው በሙሉ ዓመቱን ሽንት ቤት የሚያወርደው በጠበል ነው።» በአእምሮዬ ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ግድቡ ላይ ሲዘንብ እኔ አላየሁም፤ ይህኛውን ራሴን አንጋጥጬ ተቀብዬዋለሁ፣ አኮም ቆጡን ስመውታል። ያወቁትን ነገር እንዳላወቁ ሆኖ በእሱ ጨርቅ ማጠብ አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤቴ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ ነው ያሳለፈው። የክረምቱ የእርግብ ኩስ፣ የጎረቤቱ የሲሚንቶ አቧራ፣ ሁሉም ገብቷል። ስለዚህ ውሃው ተባርኳልም፣ ቆሽሿልም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ላፈላው ብል ጠበል ይፈላል? ባላፈላው ደግሞ ሥዕሉ ይመጣብኛል፣ እግራሞቹ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዞረ። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶች ጆግ፣ ጠርሙስ፣ ትንንሽ ጀሪካን ይዘው መጡ። ለሕፃን ነው፣ ለታመመ ነው፣ አዲስ ቤት ሊረጩት ነው ይላሉ። ጠበል ደግሞ አይከለከልም። እያንዳንዷ ጆግ ስትሞላ ታንከሩን በመጥረጊያ እንጨት አንኳኳለሁ፤ ባዶ የሚለው ድምፅ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነው። አማቷ መጥተው ቧንቧ ሲከፍቱ ምን ሊወርድ ነው? ባለቤቴ ትንሽ ዝጊው ሲለኝ ለሩፋኤል ምን ልበለው አልኩት።

የሚታጠበው ነገር ግን አላለቀም። ልትገባ ነው ብዬ ያወጣሁት አንሶላና ብርድ ልብስ ተከምሯል። ከደሴ በኩል የመጣች፣ በራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ የልብ ወዳጄ ናት። እሷም አሸንዳዋ ሥር በርሜል አላት። ጭንቀቴን ስነግራት በርሜሏን ውሰጂ አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ አሰብኩና ያንቺም እኮ የዚያኑ ዕለት ዝናብ ነው አልኳት።

ስኳር መመዘኗን ሳታቆም መለሰችልኝ። «እኔ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ዝናብ ነበር እህቴ።»

ይህን መልስ ብዙ አልመረመርኩትም። አንሶላዬን በእሷ ውሃ አጠብኩ። ማታ ደግሞ በጎን በር መጥታ ለጉልበቴ ትንሽ ከዚያኛው ስጪኝ አለችኝና ጠርሙስ ሞላሁላት።

የንስሐ አባቴ ለበዓል ቤቱን ሊባርኩ ሲመጡ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ስለ ኩሱም ጭምር። ፈገግ አሉ። ሕፃን ማጠብ በረከትን አያረክስም፣ ማፍላቱም ኃጢአት የለውም፤ ልብሽ ካልተረጋጋ ግን የታጠብሽበትን እግር በማይረግጠው ቦታ አፍስሺው አሉኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ፊቱ እንደ መብራት በራ። ቡራኬው ሳያልቅ መፍቻውን አንስቶ ወጣ። አንድ ክረምት ሙሉ ለምኖኝ የከለከልኩትን ቧንቧ በአንድ ከሰዓት ዘረጋው። ከገላና ከእጅ መታጠቢያው ተነስቶ፣ በጠጠርና በአሸዋ አልፎ፣ በአጥር የተከለለው ጎመን ውስጥ ይገባል። ጎመኑን ማንም አይረግጠውም። እንደዚህ ደስ ብሎት ያየሁት ደህና የሚሠራ የመኪና ሞተር ሲገዛ ብቻ ነው።

የእንቁጣጣሽ ማግስት ደረሰ። የልጄ አማት መኪና በር ላይ ሲቆም ልጄም ሆዷን ይዛ አብራ ወረደች፤ የልብሷ ሻንጣ ግን ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ያን ዕለትም ከበራችን ጀምሮ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው ነበር። አማቷ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ውሃ አጥተው በየሠፈሩ የሚዞሩ ሰዎች እንደመሰሏቸው ፊታቸው ላይ አነበብኩ፤ አዘኑልን። አዝነውልን ወደ እጅ መታጠቢያው ሄዱ።

ቧንቧውን ከፈቱት። ባለቤቴ ታንከሩን ከፍ አድርጎ ስለሰቀለው ውሃው በኃይል ወረደ። ቅንድባቸው ተነሳ። ሳሙና አነሱና እጃቸውን እስከ አንጓቸው አረፋ አደረጉት፤ ሊያልቅ ይችላል ብለው እየጠበቁ ይመስለኛል። አላለቀም።

«ደህና ይወርዳል» አሉ። «ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከላይ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። እሳቸውም ኮርኒሱን አዩት።

«ከጣሪያችን ነው» አለ ባለቤቴ በኩራት፤ አፉን ልይዘው አልደረስኩም። አሸንዳውን ሊያሳያቸው መስኮት ሁሉ ከፈተ።

እጃቸው አረፋው ውስጥ ቆመ። «የቆርቆሮ ውሃ? ለአራስ?» አሉና ወደ ልጄ ዞሩ። «ልጄ፣ ሻንጣሽ መኪናው ውስጥ ይቆይ።»

ልጄ እኔን አየችኝ፣ እኔ ወለሉን። ይኸው አበቃ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ አኮ ባዶ ጆጋቸውን ይዘው በኋላ በር ገቡ። የተባለውን ሰምተዋል፤ ለማን እንደሚናገሩም አላሳሰባቸውም።

«የቆርቆሮ አይደለም። የሩፋኤል ነው። ጳጉሜ ሦስት የወረደ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው የሚቀዳው እሱን ነው።»

ውሃው እንደተከፈተ ይወርዳል። አማቷ ቧንቧውን አዩ፣ ከዚያ አረፋ የለበሰ እጃቸውን አዩ። «በዚህ ነው በሳሙና የታጠብኩት?» አሉ በቀስታ። ሊለቃለቁ ይፈራሉ፣ ሊጠርጉት ይፈራሉ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ቆሙ። ሩጬ አጠገባቸው ደረስኩ።

«አይጨነቁ፤ ወደ ጎመኑ ነው የሚሄደው፤ እግር አይረግጠውም።»

በሕይወቴ ለሰው አይጨነቁ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ተለቃለቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ያ ቀጥ ያለ ጀርባቸው ጎበጠ። ለልጄ መውለድ እሳቸውም ለሩፋኤል ስለት ነበረባቸው። እንደነገሩን፣ የሩፋኤል ዕለት ጉንፋን አሟቸው ቤት ቀርተው፣ ዝናቡ ሲወርድ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ብርጭቆ ዘርግተው ነበር። ክንዳቸው እስኪዝል ቢቆሙ ግማሽ አልሞላም፤ እሱም ከላይኛው ሰው በረንዳ የሚንጠባጠብ ነው።

«ሙቅ ውሃ አለኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለኝ» አሉኝ። «ጣሪያ የለኝም። የእኔ ጣሪያ የሰው ወለል ነው።»

ተነስቼ ካሉን ጆጎች ትልቁን ሞላሁላቸው። ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ። ቆይተው ልጄን ጠሯት።

«በይ ሻንጣሽን ያውርዱልሽ። እዚህ ነው የምትታረሺው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ጉዳዩ የሁለታችን ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለሽንት ጨርቁ፣ ለወለሉ፣ ለመጸዳጃው የሚሆነውን ውሃ እኔ አመጣለሁ አሉ፤ የእኛ ጉድጓድ አያልቅም፣ ማንም አልሳመውም።

ልጄ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። እኔ ጋ ታረሰች። አማቷም ቃላቸውን ጠበቁ። ሁልጊዜ ጠዋት ከወሎ ሰፈር ቢጫ ጀሪካኖች በመኪናቸው ጭነው ይመጡ ነበር። የሕንፃው ጥበቃዎች፣ ሰው ሁሉ ውሃ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ እሳቸው በአሳንሰር ውሃ ይዘው ሲወጡ አይተው ቧንቧዎ ተበላሽቶ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋቸዋል አሉ። መጡ ማለት ደግሞ ተመልሰው ይሄዳሉ ማለት አይደለም። ቁርስ እኛ ጋ፣ ምሳ እኛ ጋ፤ ከሰዓት ደግሞ ሕፃኗን ታቅፈው እንቅልፍ። ልጄን ላስቀር ብዬ እሳቸውንም ጨምሬ ወሰድኩ።

የሕፃኗን ገላ የምናጥበው በዚያው ውሃ ነበር፤ በዚህ በየቀኑ ተከራክረናል። እሳቸው ጠበል አይፈላም ይላሉ። እኔ ዝናቡ ተባርኳል፣ እርግቧ ግን አልተባረከችም እላለሁ። ልጄ እማዬ ዳይፐር አለ፣ ዋይፕስ አለ፣ ለሁለታችሁም ውሃ አያስፈልግም ትላለች፤ የሚሰማት የለም። በመጨረሻ በነጭ ጨርቅ አጥልዬ አፈላለሁ፣ እሳቸው ደግሞ እስኪበርድ ላዩ ላይ ይጸልያሉ። ጎመኑም የዚያን ዓመት ቅጠሉ እንደ እንሰት ሰፋ። አራስ ልጄን አላበላም ያልኩትን ጎመን ለጎረቤት ስሰጥ የሚወስዱት በሁለት እጃቸው ነበር፤ ባለቤቴ ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል፣ መፍቻውን በእጁ ያዞራል።

ዓመቱ ዞሮ ጳጉሜ ሲመጣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጣሪያው እስኪታጠብ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውጭ መፍሰስ አለበት፤ ይህ ሕጌ ነው። የሩፋኤልን የመጀመሪያ ጠብታ ግን ማን ደፍሮ ወደ ቦይ ያፈሳል? ጭንቀቴን ለልጄ አማት በስልክ ነገርኳቸው፤ ከአንድ ዓመት አብሮ መኖር በኋላ አንቺ መባባል ጀምረናል። ትንሽ አሰቡና ቆይ መጣሁ አሉ።

ጳጉሜ ሁለት ከሰዓት ላይ መኪናቸው ሙሉ ጀሪካን ይዞ ቆመ። ባለቤቴ በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጣ። የወሎ ሰፈርን የጉድጓድ ውሃ በገመድ እየሳበ፣ በመጥረጊያና በሳሙና ቆርቆሮውን ማጠብ ጀመረ። አኮ ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ፤ ባለሱቋ ጎረቤቴ ደንበኛዋን ትታ ወጥታ ትስቃለች። እኔ ጎሚቶው ሥር ብርጭቆዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ የሚወርደውን እየሞላሁ ወደ ብርሃን አነሳለሁ። የልጄ አማት የልጅ ልጃችንን በጀርባቸው አዝለው ግቢው መሃል ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

«እዚያ ማዶ ጥግ ላይ ቀርቷል» ይሉታል። «የእርግቡ። አዎ፣ እሱ።»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ያንን ጥግ ይፈትጋል። አማቷም ወደ እኔ ይዞራሉ።

«እንዴት ነው፣ አለፈ?»

ብርጭቆውን አሸተትኩት።

«ገና ነው» አልኳቸው። «አንድ ጀሪካን ጨምሪ።»